የዶሮ ቤት በር ጥገና ከሸለምጥማጥ፣ ከፋሮና ከጅብ ለመከላከል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቤቱ 3 በ4 ሜትር ነው። ግድግዳው አጠናና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጉዝጓዝ ሲሆን 60 እንቁላል ጣይ ዶሮ ይዟል። ቦታው ከቢሾፍቱ ወጣ ያለ፣ ጓሮው ከቁጥቋጦ ጋር የሚዋሰን ግቢ ነው። ሁለት መግቢያ አለው፦ 90 ሳ.ሜ ወርድ ያለው የሰው በርና 30 በ35 ሳ.ሜ የሆነ የዶሮ መውጫ። የሰው በሩ አሮጌ ጣውላ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ መቀርቀሪያ አለው፤ ደፉ አፈር ነው። ግድግዳው ደህና ስለሆነ ሥራው በሁለቱ መግቢያዎች ላይ ብቻ ነው።

ቀን 1፦ ፍተሻ

ከመዶሻ በፊት አመድ። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ በበሩ ፊት አንድ ሜትር ያህል ስፋት ላይ የተነፋ አመድ በስሱ ተነሰነሰ፣ ጠዋት ዶሮዎቹ ሳይለቀቁ ዱካው ታየ። ሸለምጥማጥ የድመት የሚመስል ትንሽ ዱካ ይተዋል፤ ጥፍሩ ብዙ ጊዜ አይታይም። የፋሮ ዱካ ከጣቶቹ ፊት የጥፍር ነጥብ ያሳያል። የጅብ ዱካ በትልቅነቱ አይሳሳትም። የመጣውን ማወቅ የሚጠቅመው ለሰዓቱ ነው። ሸለምጥማጥና ጥርኝ የሌሊት ናቸው፤ ከፋሮ ዓይነቶች ግን በጠራራ ፀሐይ የሚያድኑ አሉ። ስለዚህ ሌሊት ተዘግቶ ቀን ያለ ጠባቂ ወለል ብሎ የሚውል በር ግማሽ መፍትሔ ነው። ጭላት ከላይ ስለሚመጣ የዚህ ሥራ ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ግቢ አመዱ ላይ የታየው ጥፍር የሌለው ትንሽ ዱካ ነበር። ከበሩ ግራ ጥግ፣ መቀርቀሪያው ባለበት ጎን፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። እንስሳው ደካማውን ቦታ ራሱ ጠቁሟል ማለት ነው።

ቀጥሎ የብርሃን ፍተሻ። አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋል፣ ሌላው ከውጭ በባትሪ በጠርዙ ሁሉ ያበራል። ብርሃን የገባበት ሁሉ በከሰል ምልክት ይደረግበታል። ይህን በምሽት ማድረግ ይሻላል፤ ቀን ላይ ዓይን ትናንሽ ክፍተቶችን ያልፋል።

ለመለኪያ 30 ሳ.ሜ የምትሆን የባለ 12 ፌሮ (12 ሚሊ ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ) ቁራጭ ከግንባታ ቦታ ተገኘች። ደንቡ አንድ ነው፦ ፌሮዋ የምታልፍበት ክፍተት መዘጋት አለበት። አይጥ 2 ሳ.ሜ በሆነ ቀዳዳ ይገባል፤ ሸለምጥማጥም ሰውነቱ ቀጭንና እንደ ልብ የሚታጠፍ ስለሆነ ጭንቅላቱ ካለፈ ቀሪው ይከተላል። 12 ሚሊ ላይ ከተቆመ ለሁለቱም ይበቃል።

የተገኘው፦
በበሩ ሥር 5.5 ሳ.ሜ ክፍተት።
በማጠፊያው በኩል፣ ከላይ፣ 2 ሳ.ሜ።
መቀርቀሪያው ባለበት ጎን የታችኛው ጥግ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል፤ በጉልበት ሲገፋ ግን 4 ሳ.ሜ ይከፈታል።
የዶሮ መውጫው መዝጊያ ከታች በጣት ሲነሳ ያለ ምንም ችግር ይወጣል።

ሦስተኛው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ዶሮ የሚያልቀው በእሱ ነው። መሐሉ ላይ ብቻ የተቀረቀረ በር ጥጎቹ ነጻ ናቸው። ጣውላው ይታጠፋል፣ አፍንጫ ይገባል፣ ከዚያ ትከሻ። ሲለቀው በሩ ተመልሶ ይገጥማል። ጠዋት ባለቤቱ መቀርቀሪያውን እንደተዘጋ ያገኘዋል፣ ዶሮ ግን የለም፤ ነገሩም የሌባ ወይም የመንፈስ ሥራ ይመስላል።

ቀን 1፣ ከምሽቱ በፊት፦ ጊዜያዊ መዝጊያ

ሥራው አንድ ሳምንት ስለሚፈጅ በየምሽቱ ቀዳዳው መዘጋት አለበት። በግማሽ የተሠራ በር ያለበት ሌሊት ከአሮጌው በር የባሰ አደገኛ ነው። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ 1 ሜትር በ1.90 ሜትር ተቆርጦ በአራት ጥግና በሁለቱ ጎኖች መሐል፣ በጠቅላላው በ6 ቪቴ፣ ከውጭ ይታሰራል። ከሥሩ ሁለት ብሎኬት ይደገፋል። ይህ ሳይዘጋጅ አሮጌው በር አይነቀልም።

ቀን 2፦ ደፍ

ደፉ አፈር እስከሆነ ድረስ የትኛውም በር ዋጋ የለውም። ዶሮዎች ራሳቸው እየጫሩ ያጎደጉዱታል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ቀበሮና ውሻ ይቆፍሩታል።

በበሩ ሥር 30 ሳ.ሜ ጥልቀት፣ 20 ሳ.ሜ ወርድ፣ 110 ሳ.ሜ ርዝመት ያለው ጉድጓድ ተቆፈረ። ርዝመቱ ከበሩ በሁለቱም በኩል 10 ሳ.ሜ ይተርፋል፤ ይህ ትርፍ ካልኖረ እንስሳው በሲሚንቶው ጫፍ በኩል ዞሮ ይቆፍራል። ደፉ ከመሬት በላይ 10 ሳ.ሜ እንዲወጣ በጣውላ ሻጋታ ተሠራለት። ቅይጡ 1 ባልዲ ሲሚንቶ፣ 2 ባልዲ አሸዋ፣ 4 ባልዲ ጠጠር ነው። ከታች የታጠበ ድንጋይ ከገባበት ግማሽ ከረጢት፣ ማለትም 25 ኪሎ ሲሚንቶ ይበቃል። ሁለት ዘንግ ባለ 8 ፌሮ በርዝመቱ ተጋድሟል፤ ያለ እሱ የእጅ ጋሪ ሲወጣበት መሐሉ ይሰነጠቃል።

የደፉ ቅርጽ ትኩረት ይፈልጋል። የውስጠኛው ግማሽ ከውጨኛው በ2 ሳ.ሜ ከፍ ይላል፤ በሩ ከውጭ መጥቶ በዚህ ከንፈር ላይ ያርፋል። ስለዚህ በሥሩ ቀጥታ የሚያይ ክፍተት አይኖርም። የውጨኛው ግማሽ ወደ ውጭ 1 ሳ.ሜ ተዳፋት አለው፣ ውሃ እንዳያቁር።

በደፉ ላይ ለታች መቀርቀሪያ ቀዳዳ መተው የሚመርጡ አሉ። እዚህ አልተደረገም። ቀዳዳው በሁለት ቀን ውስጥ ጉዝጓዝና ኩስ ይሞላል፤ መቀርቀሪያው ጠልቆ ሳይገባ የተዘጋ ይመስላል። የታችኛው መቀርቀሪያ ወደ ጎን መቃን መግባት አለበት።

ሲሚንቶው በእርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸፈነ። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ይረጥባል፤ ከሦስተኛው ቀን በፊት ምንም ክብደት አይጫንበትም።

ቀን 3፦ የከርሰ ምድር ሽቦ

ደፉ እየደረቀ ሳለ ዙሪያው ተሠራ። 60 ሳ.ሜ ወርድ ያለው የተበየደ ወንፊት ሽቦ በግድግዳው ግርጌ ተዘረጋ፦ 15 ሳ.ሜው ወደ ላይ ታጥፎ ግድግዳው ላይ ይያዛል፣ 45 ሳ.ሜው ከአፈሩ 5 ሳ.ሜ ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ ይተኛል። በየ30 ሳ.ሜ በባለ 8 ፌሮ መንጠቆ መሬት ላይ ተቸነከረ፣ አፈር ለበሰ፣ በሩ ፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደረደረበት። የሚቆፍር እንስሳ ግድግዳውን ተጠግቶ ይጀምራል፤ ሽቦ ሲያገኝ ትንሽ ወደ ጎን ይሞክራል እንጂ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ አይጀምርም። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከተቀበረ ሽቦ ይልቅ የተኛው ጉልበትም ይቆጥባል።

የሚገዛው ሽቦ ላይ ስህተት ይበዛል። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቀጭን "የዶሮ ሽቦ" ዶሮን ውስጥ ለመያዝ ነው፤ ውጭ ያለውን አያስቆምም። ጅብ አንድ ጊዜ ነክሶ ይበጥሰዋል፣ አይጥ በቀዳዳው ያልፋል፣ ሸለምጥማጥ እጁን አስገብቶ የተጠጋችውን ዶሮ ይይዛል። ሥጋዋ በሽቦው በኩል ተስቦ የተበላ ዶሮ ከተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው። ትክክለኛው በየመገጣጠሚያው የተበየደ፣ ዚንክ የተለበጠ፣ ዓይኑ ግማሽ ኢንች፣ የክሩ ውፍረት 1 ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚፈተነው በዚያችው ፌሮ ነው፤ ካለፈች አይገዛም። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ነው።

ቀን 4፦ መቃን

ጭቃ ግድግዳ ውስጥ የቆመ የባህር ዛፍ መቃን ሁለት ጠላት አለው፦ ምስጥና መጣመም። የቀኙ ቋሚ ሥሩ በምስጥ ስለተበላ ተነቀለ። አዲሱ 5 በ7 ሞራሌ ነው። መሬት የሚገባው 50 ሳ.ሜ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ከሥሩ ጠጠር ተደርጎ ቆመ። ዘይቱ ዶሮ የሚነካው ቦታ ላይ አይቀባም።

በቱንቢ ቀጥ መሆኑ ከታየ በኋላ ማዕዘኑ በሰያፍ ተለካ። የክፍተቱ ልክ 90 በ176 ሳ.ሜ ስለሆነ ሁለቱም ሰያፎች 197.7 ሳ.ሜ መምጣት አለባቸው። መጀመሪያ የ1.5 ሳ.ሜ ልዩነት ነበር። በሩን ሠርቶ እዚያ ላይ ከመላግ ይልቅ መቃኑን አሁን ማስተካከል ይቀላል፤ ከላይ ባለው አግዳሚ ሥር ሽብልቅ ገብቶ ልዩነቱ ወደ 3 ሚሊ ወረደ።

በመቃኑ ውስጠኛ ፊት በሦስቱ ጎኖች 2 በ4 ሳ.ሜ ማረፊያ ጣውላ ተመታ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው። ሁለት ምክንያት አለው፦ ከውጭ የሚገፋ እንስሳ በሩን ወደ ማረፊያው ይበልጥ ያጣብቀዋል፤ በተጨማሪም ጉዝጓዝ እያደገ ሲሄድ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ይታነቅና ሰው በግማሽ ዘግቶት መሄድ ይጀምራል።

ቀን 5፦ በሩ

ለበሩ 89 በ175 ሳ.ሜ ተወሰደ። በግራና በቀኝ፣ በላይና በታች 5 ሚሊ ይተርፋል። ከዚህ ካነሰ በክረምት እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ በሩ ይነክሳል፣ የነከሰ በር ደግሞ በደንብ አይዘጋም። 5 ሚሊው ከኋላ በማረፊያው ስለሚሸፈን ለእንስሳ ምንም አይሰጥም።

ክፈፉ 4 በ5 ሞራሌ ሲሆን ከታች 60 ሳ.ሜ ላይ አግዳሚ አለው። በላይኛውም በታችኛውም ክፍል ሰያፍ ደጋፊ ገባ። አቅጣጫው ከማጠፊያው በኩል ከታች ተነሥቶ ወደ መቀርቀሪያው በኩል ወደ ላይ የሚወጣ ነው። እንዲህ ሲሆን የበሩ ክብደት ደጋፊውን ይጫነዋል፣ እንጨት ደግሞ ጫናን ይችላል። ተገልብጦ የተመታ ደጋፊ ምስማሩን ይስባል፤ በጥቂት ወር ውስጥ በሩ ይጋደልና የታችኛው ጥግ መሬት ይነካል።

የታችኛው 60 ሳ.ሜ በ1 ሚሊ ላሜራ ከውጭ ተሸፈነ። እዚያ ሽቦ አይደረግም፦ በኩስ እርጥበትና አሞኒያ የሚዝገው መጀመሪያ ያ ነው፣ አይጥም የሚያኝከው እዚያ ነው። የላይኛው 115 ሳ.ሜ አየር እንዲገባ ወንፊት ሽቦ ነው። ለደህንነት ብሎ ሁሉንም በላሜራ መድፈን ሽታውንና የመተንፈሻ በሽታውን ውስጥ ያስቀራል።

ሽቦው የተመታው በክፈፉ ውጨኛ ፊት ነው። ከውጭ ሲገፋ እንጨቱን ይደገፋል፤ ከውስጥ ቢሆን ግፊቱ በቀጥታ በምስማሩ ላይ ያርፍና ይነቅለዋል። በየ10 ሳ.ሜ ባለ 4 ሳ.ሜ ቪቴ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር፣ በጠቅላላው 41 ገባ። ከላዩ ስስ ጣውላ ተደርቦ እንደገና ታሰረ። የታጠፈ ምስማር ብቻውን አይታመንም፤ እንጨቱ ሲደርቅ በጣት ይወጣል። ተቆርጦ የቀረው የሽቦ ጫፍ 2 ሳ.ሜ ወደ ኋላ ታጥፏል። ሹል ሆኖ ከቀረ የዶሮ ኩክኒና የሰው እጅ ይቧጭራል።

ቀን 6፦ ማጠፊያና መቀርቀሪያ

ማጠፊያ ሦስት፣ እያንዳንዱ 10 ሳ.ሜ፦ አንዱ ከላይ 15 ሳ.ሜ ላይ፣ አንዱ ከታች 15 ሳ.ሜ ላይ፣ ሦስተኛው መሐል። በእያንዳንዱ ክንፍ ሁለት ቪቴ በባለ 6 ብሎን ተተክቶ ዳዶው ወደ ውስጥ በኩል ተጠበቀ። ምክንያቱ ጅብና ሰው ናቸው። ጅብ በሩን ይዞ ሲጎትት ቪቴ ከእርጥብ ባህር ዛፍ ይነቀላል፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ካቻቪቴ የያዘ ሰው ከመቀርቀሪያው ይልቅ ማጠፊያውን ይፈታል። የማጠፊያው ዘንግ ጫፍ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጠፍጥፏል፣ ተመዝዞ እንዳይወጣ።

መቀርቀሪያ ሁለት፦ ከላይኛውም ከታችኛውም ጥግ 25 ሳ.ሜ ላይ። በመካከል የጓጉንቸር ማንጠልጠያ። የመቀርቀሪያው ምላስ ወደ መቃኑ ቢያንስ 2.5 ሳ.ሜ መግባት አለበት። ሱቅ ውስጥ የሚበዛው 1 ሳ.ሜ ብቻ የሚገባ ነው፤ በጋ ላይ እንጨቱ ሲሸሽ ምላሱ በአየር ላይ ይቀራል። መቃኑ ላይ ምላሱ የሚገባበት ቀዳዳ 3 ሚሊ የብረት ሳህን ተደርጎበታል። ባዶ እንጨት በየቀኑ መክፈትና መዝጋት ሲበላው ቀዳዳው ይሰፋል።

ጦጣ ባለበት አካባቢ፣ በተለይ ሐይቅና ወንዝ ዳር፣ ይህ አይበቃም። ጣት ያለው እንስሳ መቀርቀሪያን አይቶ ይማራል፣ እንቁላልም ይወዳል። ቀን ቀን እንኳን ምላሱ ላይ በሞላ የሚዘጋ መንጠቆ መግባት አለበት፤ ሌሊት ጓጉንቸር። ምስማር ላይ የሚዞር የእንጨት ቁራጭ መዝጊያ ለማንኛውም እንስሳ አይበቃም፣ በንፋስም ይዞራል።

ቀን 7፦ የዶሮ መውጫ

መዝጊያው ወደ ላይ እየተሳበ የሚከፈት ነው። 2 ሚሊ ላሜራ፣ 36 በ42 ሳ.ሜ፣ በሁለት ጎን በተቦረቦረ ጣውላ ውስጥ ይንሸራተታል፤ በእያንዳንዱ ጎን 3 ሳ.ሜ ይደርባል። የቦይው ወርድ 5 ሚሊ ነው። ሲጠብ በአቧራ ይታነቃል፣ ሲሰፋ ላሜራው ይንገዳገዳል።

ድክመቱ ከታች ነው። ክብደቱ ብቻ አይይዘውም፤ እጁን ከሥር ያስገባ እንስሳ ያነሣዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ተጨመረ። መጀመሪያ የታችኛው ጠርዝ ከፊቱ 3 ሳ.ሜ ከፍታ ካለው ጣውላ ጀርባ ይወርዳል፤ ከሥሩ ግን ክፍት ተደርጓል፣ ጉዝጓዝ ወደ ታች እንዲወርድ። ሁለተኛ በጎኑ ቦይና በላሜራው አብሮ የሚያልፍ ቀዳዳ ተበስቶ ባለ 8 ፌሮ ካስማ ገባበት። ካስማው በአጭር ሰንሰለት ታስሯል፤ ያልታሰረ ካስማ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

ገመዱ ባለ 4 ሚሊ ናይሎን ነው። ፀሐይ ስለሚያደርቀው በየዓመቱ ይለወጣል።

ቀን 8፦ ሙከራ

ፌሮዋ በጠርዙ ሁሉ ዞረች። አንድ ቦታ አለፈች፦ የታችኛው ግራ ጥግ፣ ያው የድሮው ቦታ። በጉልበት ሲገፋ 16 ሚሊ ይከፈት ነበር። በሩ አልነበረም የሚታጠፈው፤ ማረፊያው በምስማር ብቻ ስለተመታ ወደ ውስጥ ይሸሽ ነበር። በየ15 ሳ.ሜ 6 ሳ.ሜ ቪቴ ሲገባበት ወደ 3 ሚሊ ወረደ።

በሩ ተቀርቅሮ ለአንድ ደቂቃ በኃይል ተናጠ። የላይኛው መቀርቀሪያ በራሱ 8 ሚሊ ሸሸ። እጀታው ወደ ታች ታጥፎ የሚያርፍበት ጎድጓድ ስላልነበረው ነው፤ እጀታውን የሚይዝ ትንሽ የብረት ጥርስ ተመታለት። በማታ የብርሃን ፍተሻው ተደገመ፣ ብርሃን የገባው በወንፊቱ ብቻ ነበር። ቆጡ ከሽቦው 20 ሳ.ሜ ላይ ስለነበር ወደ 40 ሳ.ሜ ተሳበ። ለሊት የተኛች ዶሮ ሽቦ ከተደገፈች ሸለምጥማጥ በጥፍሩ ላባዋን ይደርስባታል።

ቀን 9 እስከ 12

አመዱ በየምሽቱ ታደሰ። በመጀመሪያው ሌሊት ዱካው በደፉ ላይ ወጥቶ በግራ ጥግ ቆመ፣ ወደ ዶሮ መውጫው ሄደ፣ ተመለሰ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው አንድ ጊዜ ብቻ አልፏል፤ በአራተኛው አመዱ ንጹሕ ነበር። ይህ ማለት እንስሳው አካባቢውን ለቀቀ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ አመዱ በየሳምንቱ አንድ ሌሊት ይነሰነሳል።

የመዝጊያው ሰዓት ከምሽቱ 12፡30 ተደርጓል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨለማው ቶሎ ይወድቃል፤ ዶሮዎቹ ከዚያ በፊት በራሳቸው ቆጥ ላይ ይወጣሉ። ከመዘጋቱ በፊት ይቆጠራሉ። ውጭ የቀረች አንዲት ዶሮ ደጃፍ ላይ ታድራለች፣ ደሟም እንስሳውን ወደ በሩ መልሶ ይጠራል።

ሳምንት 4

ሞራሌው እየደረቀ ነው። ከ41ዱ ቪቴ 9 ግማሽ ዙር ላሉ፣ ጠበቁ። በሩ በመቀርቀሪያው በኩል 4 ሚሊ ወርዷል፤ የታችኛው ምላስ ከሳህኑ ቀዳዳ ጋር ስላልገጠመ ሳህኑ ተፈትቶ ዝቅ ተደርጎ ታሰረ። ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት ቀላል ነበር፣ ግን የሰፋ ቀዳዳ ምላሱን ያንገዳግዳል። ወንፊቱ በአቧራና በላባ መደፈን ጀምሯል፤ በየሳምንቱ በደረቅ መጥረጊያ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠረጋል።

ለሐምሌ የቀረ፦ ደፉ አጠገብ ያለውን የውሃ መውረጃ መቅደድ፣ የበሩን የታች ጠርዝ ቀለም መደገም፣ የእግር መንከሪያውን (ከመግባት በፊት ጫማ የሚነከርበትን የፀረ ተባይ ዕቃ) ከደፉ 30 ሳ.ሜ ማራቅ። አሁን ባለበት የሚረጨው ፈሳሽ ላሜራውን ከሥር እያዘገው ነው።